ድልድዩ ላይ ያልነበረው ውጊያ

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ በሕንፃው ጓሮ፣ በተሰባበሩ ወንበሮችና ዝናብ በመታቸው የኮምፒውተር ካርቶኖች መካከል ወድቆ ነበር። አንድ ሰው ፊቱን በኮት ሸፍኖለታል። እጆቹ ግን ከኮቱ ውጪ ናቸው፤ እሷም መጀመሪያ ያየችው እጆቹን ነው።

«ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ራሱን ጥሎ ነው» አለ ሳጅኑ። «ላይ ያለው የጌም መሥሪያ ቤት ባለቤት ነበር። ሥራው አልሄድ ብሎት፣ ሠራተኛው ጥሎት ሄዶ፣ ተስፋ ቆርጦ ነበር ይላሉ። መብራት ጠፍቶ ሳለ ነው የወደቀው። ዘበኛው ከውጭ የገባ ሰው የለም ብሏል። ላይ የነበሩት አራት ናቸው፤ አራቱም አንድ ዓይነት ነው የሚናገሩት።»

«አራት ሰው አንድ ዓይነት ከተናገረ ወይ እውነት ነው፣ ወይ ማንም አላየም» አለች መርማሪዋ፤ ጉልበቷን ደግፋ ጎንበስ አለች።

የሟቹ መዳፎች ተልጠዋል። በጥፍሮቹ ሥር አረንጓዴ የቀለም ፍርፋሪ ገብቷል። ሳጅኑ አግዟት አስከሬኑን ወደ ጎን አዞረችው። በነጩ ሸሚዝ ጀርባ፣ ከቀበቶው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አግድም የተሰመረ የዝገት መስመር ነበር። የታመመ ጉልበቷን እየረገመች ደረጃውን ወጣች።

አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ኮሪደርና ጥቂት ክፍሎች አሉ። በአንድ ወቅት ሠላሳ ሰው ይሠራበት እንደነበር ባዶዎቹ ጠረጴዛዎች ይመሰክራሉ፤ አሁን አቧራ የለበሱ ገመዶች ብቻ ተንጠልጥለዋል። በስብሰባው ክፍል ነጭ ሰሌዳ ላይ የሦስት ጌሞች ስም ተጽፏል፤ ከእያንዳንዱ ጎን «ጥንካሬ» እና «ድክመት» የሚሉ ቃላት አሉ። ከሥራቸው የተጻፈ ነገር የለም።

የኮሪደሩ ጫፍ ወደ በረንዳው ይወጣል። የበረንዳው ብረት እስከ ወገብ ነው፤ አረንጓዴ የተቀባ፣ አናቱ የዛገ። በአንድ ቦታ ቀለሙ በጣቶች ተፍቆ ተነስቷል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን ሚስት ነው። የሦስቱንም ጌሞች ሥዕል የሠራችው ሠዓሊ እሷ ናት፤ የቤቱ ሰው ሁሉ «እትዬ» ይላታል። በሥዕል ክፍሏ፣ ቀለም የነካ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«መብራት ሲጠፋ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። መስኮት ከፍቼ ዘበኛውን ‹የእኛ ብቻ ነው የጠፋው ወይስ የሰፈሩ?› አልኩት። ‹የሰፈሩ ነው› አለኝ። ወሬያችንን ሳንጨርስ ከጓሮ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማን። ‹ደግሞ ምን ጣሉ› አልኩኝ። ‹ደግሞ ምን ጣሉ› ነው ያልኩት፣ ልጄ። ባሌን።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ተስፋ ቆርጠው ነበር ይባላል።»

«ያልቆረጠ ማን አለ? አራተኛውን ጌም ስንት ጊዜ ጀምረን አፈረስነው። ዛሬ ጠዋት ግን ደህና ነበር። ቢሆንም ሰው ደህና መስሎ አይደል የሚሞተው?»

ቀጥላ የገባችው ከበረንዳው አጠገብ ወዳለው መስኮት አልባ የመሞከሪያ ክፍል ነው። እዚያ «ካርታ» የሚሉት ወጣት ብቻውን ተቀምጦ ነበር። የሦስተኛውን ጌም ዓለም፣ ተራራውንና ወንዙን ሁሉ የነደፈው እሱ ነው። ሚስቱ «ወይ እኔ ወይ ያ ካርታህ» ብላው ካርታውን መርጧል እየተባለ ይቀለድበታል። ቀልዱ እውነት ነው፤ ልጁን ይዛ ከሄደች ቆይታለች። ያደረው ወንበር ላይ መሆኑ ከሸሚዙ ያስታውቃል።

«እኔ ስለ ጌም የማውቀው የእህቴ ልጅ እራት የማይበላበት ምክንያት መሆኑን ብቻ ነው» አለችው። «እስቲ አስረዳኝ።»

ካርታ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የእኛዎቹ የሚና ጌሞች ናቸው። ተጫዋቹ አንድ ሰው ሆኖ ይጓዛል፤ ይነጋገራል፣ ይዋጋል፣ ይመርጣል። ሦስት ሠርተናል። የመጀመሪያው ‹የድልድዩ ዘበኛ› ነው። እንደሱ ያለ ታሪክ የለም። መጀመሪያ መንደር ላይ የዋሿት ሴትዮ መጨረሻ ላይ ታስታውስዎታለች። አለቃችን ጋሼ ናቸው የጻፉት። ሁለተኛው ‹ሰባቱ ጋሻዎች› ነው፤ ውጊያው እንደ ቼዝ ነው፣ እያንዳንዱ እርምጃ ያሳስባል። ሰዎቹ ግን ለመመታት ብቻ የተፈጠሩ ናቸው፣ ነፍስ የላቸውም። ሦስተኛው... ሦስተኛው ‹ወሰን የለሽ› ነው። የኔ። ሰፊ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሄዱ አያልቅም። ባዶ ነው ይላሉ።»

«የመጀመሪያውስ ድክመት የለውም?»

«መልኩ አርጅቷል። ውጊያው ይከብዳል። ሌላ የለውም።»

«ዛሬ ምን ትሠሩ ነበር?»

«ጋሼ እያንዳንዳችን የራሳችን ያልሆነውን ጌም እንድንጫወትና ከሰዓት ስብሰባ ላይ እንድናወዳድር አዘዙን። አራተኛው በየትኛው መንገድ እንዲሄድ ሊወስኑ ነበር። ለኔ የመጀመሪያው ደረሰኝ። ድልድዩ ላይ ከዘበኛው ጋር ውጊያ መሃል እያለሁ መብራት ጠፋ። እዚሁ ጨለማ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሲመጣ ካቆምኩበት ቀጥዬ፣ ልጨርስ ስል ነው የእትዬን ጩኸት የሰማሁት።»

«እስከዚያ ከዚህ ክፍል አልወጣህም?»

«አልወጣሁም።»

ቀሪዎቹ ሁለቱ አንድ ሰፊ ክፍል ይጋራሉ፤ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት። አንዱ የውጊያዎቹ ነዳፊ ነው፤ በር የሚሞላ ሰውነት ያለውና ዝንብ የማይገድል ሰው ሲሆን «ዱላ» ይሉታል። ሌላው ፕሮግራሙን የሚጽፈው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ዱላን ለብቻው ወደ ኮሪደሩ አወጣችው።

«እኔ ‹ወሰን የለሽ›ን ነበር የምጫወተው» አለ ዱላ። «ውበቱን አልክድም። ግን እየሄድኩ፣ እየሄድኩ፣ ሰው ናፈቀኝ። ድንጋይ ባገኝ ሰላም እለው ነበር።»

«የመጀመሪያውን ታውቀዋለህ?»

«ያንን ሴቭ የማያደርግ መዓት? ፀጉሬን ያሸበተው እሱ ነው! ታሪኩ ያስለቅሳል፤ ሴቩ ደግሞ ደም ያስለቅሳል።»

«መብራት ሲጠፋ ከሟቹ ወንድም ጋር ነበርክ?»

«አብረን ነበርን አይባልም፤ ከተኮራረፍን ሰንብተናል። ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታ ሰማሁት። ከዚያ ብርጭቆ ሰበረ። ምን ሰበርክ ብዬም አልጠየቅኩት።»

ታናሽ ወንድምየው ከወንበሩ ሳይነሳ አናገራት። እግሩ ሥር የብርጭቆ ስብርባሪ ተበትኗል።

«ጋሼ የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ» አለ ሳትጠይቀው። «ታላቄ ነዋ። ከዚያ ሁሉም ወረሰው።»

«ስለ መጀመሪያው ጌም ድክመት ንገረኝ።»

በሐዘኑ መሃል ግራ ገብቶት አያት። «ድክመቱ የኔ ጥፋት ነው። ገና ጀማሪ ነበርኩ። ጨዋታው የደረሱበትን ቦታ የሚይዝልዎት ማደሪያ ቤት ገብተው ሲተኙ ብቻ ነው። ውጊያ መሃል መብራት ከጠፋ ወደ ማደሪያ ቤቱ ይመለሳሉ፤ እንደገና ሀ ብለው። ስንት ተጫዋች ሰድቦኛል! ከሁለተኛው ጀምሮ አስተካክለነዋል፣ በየእርምጃው በራሱ ሴቭ ያደርጋል።»

«ዱላ መብራት ጠፍቶ ሳለ ምን ያደርግ ነበር?»

«ያፏጫል። ጨለማ ሲሆን ይፈራና ያፏጫል፣ ልጅ ይመስል። መብራት እስኪመጣ ጆሮዬን በላው።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን አየች። ከዚያ ሁሉንም በመሞከሪያው ክፍል እንዲሰበስባቸው ለሳጅኑ ነገረችው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሠዓሊዋ ብቸኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ወንዶቹ ቆሙ። ኩርፊያቸውን ረስተው ዱላ የታናሽ ወንድምየውን ትከሻ ይዞታል።

«ባለቤትዎ ራሳቸውን አላጠፉም» አለች መርማሪዋ። «ሸሚዛቸው ጀርባ ላይ የበረንዳው ብረት ዝገት አለ። ጀርባቸውን ብረቱ ላይ አስደግፈው ቆመው ነበር። ለመዝለል የሚሄድ ሰው ፊቱን ወደ ውጭ ያዞራል፤ ጀርባውን ለገደል የሰጠ ሰው ግን ፊቱን ለሰው ሰጥቷል። መዳፋቸው ተልጧል፣ የብረቱ ቀለም ጥፍራቸው ውስጥ ገብቷል። ከተገለበጡ በኋላ ብረቱን ጨብጠው ተንጠልጥለዋል። ሞትን የፈለገ ሰው ብረት አይጨብጥም።»

ሠዓሊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«እርስዎ በዚያ ሰዓት ከዘበኛው ጋር በመስኮት ያወሩ ነበር፤ ዘበኛውም ይህንኑ ብሏል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ አይነጋገሩም፤ ግን አንዱ የሌላው ብርጭቆ ሲሰበር፣ ሌላው የአንዱን ፉጨት ሰምቷል። የተኮራረፈ ሰው ላኮረፈው ሰው ብሎ አይዋሽም። ስብርባሪውንም በዓይኔ አይቻለሁ።» ወደ ካርታ ዞረች። «አንተ ብቻ ቀረህ።»

«እኔ እዚህ ነበርኩ ብያለሁ።»

«ብለሃል። ድልድዩ ላይ እየተዋጋህ መብራት ጠፋ፣ ሲመጣ ካቆምክበት ቀጠልክ።»

ታናሽ ወንድምየው ቀስ ብሎ ቀና አለ። «እንዴት ነው ካቆመበት የሚቀጥለው?»

«እኔም ራሴን የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። ስለ መጀመሪያው ጌም የጠየቅኩት ሰው ሁሉ አፉን ሲከፍት የሚያማርረው አንድ ነገር ነበር። አንተ ግን መልኩን፣ ውጊያውን አነሳህና ያንን ዘለልከው። በዚህ ጌም መብራት የጠፋበት ሰው ተናዶ ወንበር ይረግጣል እንጂ ካቆምኩበት ቀጠልኩ አይልም። እስቲ ክፈተው። የደረስክበትን አሳየን።»

ካርታ አልተንቀሳቀሰም። ወንድምየው አልፎት ሄዶ ቁልፎቹን ነካ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ከአልጋው አጠገብ የቆመ ሰው ታየ።

«ይህ መጀመሪያ መንደር ያለው ማደሪያ ነው» አለ። «ከድልድዩ በፊት ሌላ ማደሪያ አለ፤ እዚያ ሳይተኙ ማለፍ አይቻልም። ይህ ሰው ድልድዩን አላየውም።»

«ይህን ጌም ተጫውተኸው ታውቃለህ?» አለች መርማሪዋ።

ካርታ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ስቀጠር ‹በሱ ነው ያደግሁት› ብዬ ዋሸሁ» አለ። «ኋላ ለመጫወት አፈርኩ። ሲያወሩ እየሰማሁ አወቅኩት። ዛሬም ከፈትኩትና እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስብሰባውን ነበር የማስበው። ሦስተኛውን እንደሚጥሉት አውቄ ነበር።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ብርሃን ፍለጋ በረንዳ ወጣሁ። ጋሼ ብረቱን ተደግፈው ቆመዋል። ‹ደግ መጣህ፣ ላናግርህ ፈልጌ ነበር› አሉኝ። ከዚያ ጀመሩ። ‹ዓለምህ ባዶ ነው። ከተሞችህ መቃብር ይመስላሉ። ሰው በር ያንኳኳል፣ የሚከፍትለት የለም።› እትዬ፣ እኔ ቤቴን ትቼ ነው የሠራሁት። ልጄ ስልክ ላይ ‹አጎቴ› ነው የሚለኝ። በቃ፣ ዝም እንዲሉልኝ ብዬ ደረታቸውን ገፋሁ። በብረቱ ላይ ተገለበጡ። በሁለት እጃቸው ያዙት።»

«እጅህን አልሰጠሃቸውም?»

«ቆሜ አየኋቸው» አለ ካርታ። «በስሜ ጠሩኝ። ካርታ ብለው አይደለም፤ እናቴ ባወጣችልኝ። ቆሜ አየኋቸው።»

ታናሽ ወንድምየው ሊወረወርበት ሲል ዱላ አቅፎ ያዘው፤ ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ። ሠዓሊዋ ግን አላለቀሰችም። ወንበሯን ትታ ወለሉ ላይ ከካርታ ፊት ተንበረከከች።

«በድክመት ነው የሚጀምረው» አለችው፣ ለሕፃን እንደምታስረዳ። «ሁልጊዜ። እኔን ሊያገባኝ የጠየቀኝ ዕለት እንኳ ‹ቁጡ ነሽ፣ ትረሻለሽ፣ ስትስዪ ሰው አትሰሚም› ብሎ ነው የጀመረው። ጥሩውን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ካወቅክ ለምን አልጠበቅከውም?»

ካርታ አንገቱን ደፋ።

«ሰሞኑን ፊቶች እንድስል አዞኝ ነበር» አለች። «የአናጢ ፊት፣ የሐኪም ፊት፣ የአሮጊት፣ የሕፃን። ለማን ነው ብዬ ስጠይቀው ‹ለካርታ ከተሞች› አለኝ። አራተኛው ጌም ባንተ ዓለም ላይ ነበር የሚሠራው። ሰው ልናስገባበት ነበር።»

ካርታ ፊቱን ቀና አደረገ። እንዲህ ያለ ፊት መርማሪዋ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም። የሠዓሊዋን የቀሚስ ጫፍ ያዘ።

«ስለ ዓለሙ ምን አሉ? ጥሩውን፤ ሊነግሩኝ የነበረውን። እባክዎ እትዬ፣ እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«እኔም ጠይቄዋለሁ» አለች። «‹መጀመሪያ እሱ ራሱ ይስማው› አለኝ።»

ሳጅኑ ክንዱን ይዞ ሲያወጣው ካርታ በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞረ፤ አንዲት ቃል እንኳ ታስታውስልኝ ይሆናል ብሎ። እሷ የምታስታውሰው አልነበራትም።