ማተቡን የበጠሰው

በሐምሌ ጭጋግ የአስጎብኚው የምስክር አስከሬን ከገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በላይ ካለው ገደል ሥር ተገኘ። ማተቡ ግን አፋፉ ላይ ተበጥሶ ወድቋል። አገሩ ለመፍረድ አልተቸገረም፤ ለምጹ ፊቱ ላይ ሲወጣበት ተስፋ ቆረጠ፣ ማተቡን በጥሶ፣ ሃይማኖቱን ክዶ፣ ራሱን ወረወረ አለ። ራሱን ለገደለ ደግሞ ፍትሐት የለም። ለሰፈሩ ሙት ሁሉ ሲጸልዩ የኖሩት አባቱ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ የልጃቸውን አስከሬን እንደ ባዕድ ቆመው ያዩታል። ይህ ያማል።

ኢንስፔክተር ፀሐይቱ ጎንበስ ብላ አየች። የፊቱ ለምጽ ክብ ክብ ነው፤ የአንገቱ ግን ክር የመሰለ ነጭ መስመር። ጉሮሮው ላይ ትኩስ ጭረትም አለ።

«ይኸ መስመር መቼ ወጣ?» ስትል ሚስቱን ዳግማዊትን ጠየቀቻት።

«ከፋሲካ ወዲህ ነው፣ እህቴ። ያን ሰሞን አንገቱ ተላልጦ፣ ማተቡም ጠፍቶ መጣ። ዛፍ ያዘኝ አለኝ። አዲሱን አባባ አሰሩለት።»

ታናሽ ወንድሙ ሰይፈ ሥላሴ ግን «ድሮም ነበረበት። እኛ ተጣልተን አናውቅም» አለ፣ ሌባ ጣቱን እያሻሸ።

«ልታገባ ነበር ሲሉ ሰማሁ። እጮኛህስ?» አለችው ፀሐይቱ።

«ወላጆቿ የኮን ከተማ ሰዎች ናቸው። ለምጽ ካለበት ቤት ልጅ አንሰጥም ብለው ጋብቻውን ተዉት» አለ።

ፀሐይቱ ሁሉንም ከአስከሬኑ አጠገብ ሰበሰበች። አንጓዋ ላይ ያለውን ነጭ ምልክት አሳየቻቸው።

«እኔም ለምጽ አለብኝ። ይኸ ካቴና የቆነጠጠኝ ቦታ ነው። ሰውነትን የሚጠብቁት ሕዋሳት ተሳስተው ቀለም ሠሪዎቹን ያጠቃሉ፤ ቆዳ ሲላጥ በኬሚካል መልእክት ይጠራራሉ፣ ቁስሉም ሲድን ነጭ ይሆናል። ምስክርን ከፋሲካ በኋላ በማተቡ ያነቀው ሰው አለ።»

«ትናንት ሲሞትስ?» አሉ ቄሱ።

«ራሱ በጥሶት ቢሆን ወደ ፊት ይጎትተው ነበር፤ የሚላጠውም ማጅራቱ ነበር። ጭረቱ ግን ጉሮሮው ላይ ነው፤ ማተቡ እስኪበጠስ ከኋላ ታንቆ ወደ ገደሉ ተገፍቷል። ለምጽ በሌለበት ሰው ደግሞ የቁስሉ መልእክት ቀለሙን ያበዛዋል፤ ጠቁሮ ይቀራል። ሰይፈ ሥላሴ፣ ጣትህን አሳያቸው።»

በሌባ ጣቱ ዙሪያ ክር የመሰለ ጥቁር መስመር ነበር። በላዩ ላይ ገና ያልደረቀ ቁስል አለ።

«ሁለቴም ክሩን ጣትህ ላይ ጠምጥመህ ስትጎትት ቆረጠህ። በፊተኛው ጊዜ ዛፍ ነው ብሎ ሸሸገልህ።»

«እሱ እያለ ማን ልጁን ይሰጠኛል?» አለ ሰይፈ ሥላሴ። ከዚያ ተንበረከከ። «ይፍቱኝ፣ አባቴ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ።

«መጀመሪያ ወንድምህን ልፍታ» አሉና ወደ አስከሬኑ ዞሩ።