የጋሼ ጕልላት ባዶ ሣጥን

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ጎረቤቶቼ በእንጦጦ ጫካ ስለሚሰማ ድምፅ ሲያወሩ እንኳ «ጅብ ነው፣ ተዉት» ብዬ የማልፍ ሴት፣ ደግሞ ሥራዬ ከኮምፒውተር ጋር ነው፣ ማንም ሳያስተምረኝ እየነካካሁ ለምጄ ቀበና ባለች ጠባብ ሱቄ የሠርግ ካርድ አትማለሁ፤ እና እመኑኝ፣ ይሄ የሆነው በጨለማ ሳይሆን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ሙሽሪት ሕይወት ያሳደጓትን አያቷን ጋሼ ጕልላትን ይዛ መጣች። ካርዱ ላይ ጠሪው እሳቸው ናቸው፣ በማግሥቱ እስከ ሾላ ድረስ ቤት ለቤት እየዞሩ በእጃቸው ሊያድሉት ነው። እሷ የመረጠችው የፊደል ቅርፅ፣ ፎንቱ፣ እንደ ሐረግ የሚጠማዘዝ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ነበር፣ ግን «ጕ» የለውም። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፣ ፎንቱ ለዚያ ቁጥር ሥዕል ካላዘጋጀ ባዶ ሣጥን ያወጣል፣ እናም የሽማግሌው ስም በባዶ ሣጥን ጀመረ።

«ይሄ ሣጥን እኔ ነኝ?» አሉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሳልሞት ከተታችሁኝ!»

ሳቅን። «አባባ፣ በሌላው ጉ ይጻፍ፣ ማን ያያል?» አለች ሕይወት።

«እኔ አያለሁ። አባቴ ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፈ መጀመሪያ ያስቆጠረኝ ይቺን ነው። ሠርጌን ሳያይ ሄደ፣ የቀረችኝ እሷ ናት። ያለሷ ካርድ ይዤ የሰው ደጅ አልረግጥም።»

«እርስዎ ካልጠሩ ማን ይጠራልኛል?» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ፊደሏን ከሌላ ፎንት አምጥቼ ብሞክር ሙሽሮች መሃል ቱታ ለብሶ የቆመ ሰው መሰለች። ስለዚህ እኛ አታሚዎች ሲጨንቀን የምናደርገውን አደረግሁ፣ ቦታውን ክፍት ተውኩና «ጋሼ፣ በእጅዎ ይሙሉት» አልኳቸው። ደስታቸውን ብታዩ! ሰማያዊ እስክሪብቶ ከኮታቸው አውጥተው ብጣሽ ወረቀት ላይ ሞከሩ፣ ጣታቸው ደርቆ አልታዘዝ አላቸው፣ «እስኪፈታልኝ ሻይ ልጠጣ» ብለው እስክሪብቶውን ትተው ከልጅቱ ጋር ጎን ካለው ሻይ ቤት ገቡ።

መቶ ሃያውን ካርድ አትሜ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ፣ የመጨረሻው እንደወጣ መብራት ጠፋ፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን ይወግረው ጀመር፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ውጭ ውጭውን አያለሁ። ከኋላዬ ጫር፣ ጫር። አይጥ ነው አልኩ። ጫር፣ ጫር፣ ከዚያ ዝም፣ እንደገና ጫር፣ ጫር፣ ዝም፣ ልክ ሰው ጽፎ ወደሚቀጥለው ወረቀት እንደሚያልፍ። ዞር ስል ማንም የለም፣ ድምፁም ቆመ። ካርዶቹ ላይ ግን፣ በሁሉም ላይ፣ «ጕ» ተጽፏል። ሰማያዊ አይደለም፣ ጥቁር ነው። በጣቴ ብነካው ከሰል! እስክሪብቶው እንደተከደነ ነው።

«ጋሼ! ኧረ ይምጡ!»

መጥተው አንዱን አንስተው ብዙ አዩት። ይደነግጣሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቃቸው ሱቁን ሞላው። «እግሯን እንዲህ የሚያጎብጣት አባቴ ብቻ ነው። የኔ ሠርግ ቢያመልጠው ያንቺ ላይ ደረሰ፣ ልጄ!» ሕይወት እልልታዋን ለቀቀችው፣ ሻይ ቤት ያሉት ሴቶችም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት።

ሲወጡ አንዷን ካርድ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጡ፣ «ይቺ የእሱ ናት፣ ደክሞ ጽፎ ሳይጠራ ይቅር?» እኔ ራሴ ቆለፍኩ፣ ቁልፉ አንድ ነው፣ እሱም ከእኔ ጋር ነው ያደረው። ጠዋት ካርዷ የለችም፣ በቦታዋ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አለ።

ሠርጉ ላይ ጫማዬ ተረከዙ እስኪነቀል ጨፈርኩ። ጋሼ አጠገባቸው አንድ ወንበር ማንንም አላስቀመጡበትም፣ ምሳ ሲነሳ ግን ከወንበሩ ፊት ያለው ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ያው ጥቁር አሻራ ነበር። አየሁት፣ ጋሼም እንዳየሁት አዩ፣ ጠቀሱኝ፣ እኔም እልል አልኩ፣ ሌላ ምን ልበል?

ፎንቱን አላጠፋሁትም። ግን ባዶ ሣጥን ባወጣ ቁጥር፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ነው የምቀመጠው።