«ቢንቴን» ማለት ሁለት ነው

«ኢትኔን ቤት» አለች ዩንሄ ሁለት ጣቶቿን ቀስራ።

«አይደለም!» ጁማና ሳታስበው ጮኸች። ከዚያ መምህር መሆኗ ትዝ አላትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁለት ለማለት ሁለትን አትጥሪው። ቃሉ ጭራ ላይ ነው ያለው። ቤት፣ ቤቴን። በቃ፣ ሁለት ቤት።»

«ይቺ መምህር ከአክስቷ ትብሳለች» አለ ኮራዶ እየሳቀ።

ለአማርኛ ጆሮ «ቤቴን» ሌላ ነገር ነው፤ እስክንድርያ ውስጥ ግን ከሁለት ቤት በቀር ትርጉም የለውም። ዐረብኛ ሁለትን ከሌላው ቁጥር ለይቶ ያቀማጥለዋል። አንድ ከሆነ ስሙን መጥራት ይበቃል፤ ከሦስት ጀምሮ እንደ ማንኛውም ነገር ይቆጠራል። ለሁለት ግን «ኤን» የምትል ጭራ ትቀጠልለታለች።

ጀማሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ባሏን ተከትላ ከኮሪያ የመጣችው ዩንሄ እና የጡረታ ዘመኑን ዓሣ እየበላ ሊያሳልፍ የመጣው ጣሊያናዊው ኮራዶ። ትምህርቱ የሚሰጠው እነጁማና ሳሎን ውስጥ ሲሆን መምህራቸው አክስቷ ኢንሺራሕ ናት። ዛሬ ግን ጉንፋን ድምፅዋን ሙልጭ አድርጎ ወስዶት፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ጥግ ይዛለች። ጠዋት በምልክት «አንቺ አስተምሪልኝ» ስትላት ጁማና «አቦ አክስቴ፣ አታሹፊ!» ብላ ነበር። አክስቷ ግን የምሯን ነው።

ጁማና ብርቱካን አስቆጠረች፣ ድመት አስቆጠረች፣ ወንበር አስቆጠረች። አክስቷ በእጇ ጠራቻትና በሹክሹክታ፣ «ቢንትስ? እኔ ሁሌ በቢንት ነው የምጀምረው» አለቻት። ቢንት ማለት ሴት ልጅ ነው።

«ረሳሁት» አለች ጁማና። ውሸቷን ነው።

እናቷን ታክሲ ነጂም ይሁን አይብ ሻጭ ስንት ልጅ እንዳላት ከጠየቃት፣ ሳትደናገር «ቢንቴን» ትላለች። ባሕሩ የጁማናን እህት ረናድን ከወሰዳት በኋላም እንዲሁ ነው የምትለው። ቤት ውስጥ የረናድን ስም የሚጠራ የለም፤ ያቺ ጭራ ብቻ ቀርታለች። ጁማና በሰማቻት ቁጥር ዞራ ከኋላዋ ታያለች። ማንም እንደሌለ ታውቃለች፤ ግን ትዞራለች። የባሰው ደግሞ ረናድ ታላቋ ነበረች፤ ጁማና በቅርቡ አሥራ ሦስት ሞልቷት አልፋታለች። ታላቅን በዕድሜ ማለፍ ያስፈራል።

በአዲሱ ትምህርት ቤቷ ልጆቹ ሲጠይቋት «እህት የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ» አለቻቸው። እውነቱን ስትናገር የሚመጣው አጉል ዝምታ ሰልችቷት ነው። ያን ቀን ቤት ስትገባ ከበሩ ጀርባ የሆነ ሰው ኮርፎ የቆመ መሰላት።

አክስት ኢንሺራሕ አንድ ልማድ አላት። ጀማሪዎቹ መምህር ያልሆነ ሰው አግኝተው ሳይጠይቁ ትምህርት አያልቅም። ሌላ ጊዜ ታች ይወርዱና ፍራፍሬ ሻጩን በጥያቄ ያደርቁታል። ዛሬ ግን ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበ፣ ባሕሩም አስፋልቱ ድረስ እየወጣ ነበር። ስለዚህ የጁማና እናት የሻይ ትሪ ይዛ ስትገባ ዩንሄ ሲሳይ አገኘች።

«ማማ! አንድ ጥያቄ!» አለች። ትንሽ አሰበችና በለመደችው ቋንቋ ሳይሆን በአዲሱ ጠየቀች፤ «ዓንዲክ ካም ቢንት? ስንት ሴት ልጅ አለሽ?»

«ቢንቴን» አለች እናቷ።

«ጭራው! ሰማሁት!» ኮራዶ አጨበጨበ።

ዩንሄ ግን ቁም ነገረኛ ናት። ጁማናን አየች፣ ሳሎኑንም ዞር ዞር ብላ ቃኘች። «አንድ፣ እዚህ። አንድ፣ የት?»

የዩንሄ ፊት በራ፤ ስህተት ያገኘች መሰላት። «አሃ! ቢንቴን አይደለም። ቢንት! አንድ! መምህር፣ ማን ነው ልክ?»

አክስት ኢንሺራሕ ብድግ ብላ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሁሉም ወደ ጁማና ዞሩ። እናቷም ጭምር።

«አንድ» ብትል ያበቃል። ዩንሄ ትደሰታለች፣ ያቺ ጭራም ከዚህ ቤት ትወጣለች። ደግሞ ውሸት አይደለም። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ የእናቷን ፊት አየች፤ የሚለምን ሰው ፊት ነበር። እስከዛሬ ረናድን በዚያ ቃል ይዛ የቆየችው እናቷ ብቻዋን እንደሆነች ያኔ ገባት። አንጀቷን በላቻት።

«ማማ ልክ ናት» አለች ጁማና። «ቢንቴን ነን። እኔና ረናድ። ረናድ ባሕር ውስጥ ሞታለች። ግን ቢንቴን ነን።»

ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ተንቀጫቀጩ። ኮራዶ ተነስቶ ትሪውን ከእናቷ እጅ ተቀበለና ወንበሩን ለቀቀላት። ዩንሄ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ጫነች። ማዘኗን የምትገልጽበት ቃል ገና አልተማረችም፤ የምታውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ያለቻትን ጥያቄ በቀስታ አወጣች።

«ረናድ... ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ነበር» ማለትን ገና አልደረሱበትም። ጁማና ልትመልስ ስትል እናቷ ቀደመቻት።

«ኢትናሸር» አለች። «አሥራ ሁለት ነው የኔ እመቤት። የኔ ረናድ አሥራ ሁለት ነው።» ከዚያ ሰው ፊት አለቀሰች፤ አልተደበቀችም።

ጁማና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «በሉ፣ አብራችሁኝ» አለች።

«ኢትናሸር» አሉ ዩንሄና ኮራዶ። እናቷም አብራቸው አለች። ጁማና ያንን የእናቷን ድምፅ ለመስማት ስትል እንደገና አስደገመቻቸው።