የአባዬ ዓሣ እና የሎሚው ጠርሙስ

ጆሮ ያለው ይስማ፤ ሆድ ያለው ይራብ! ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ዓሣ ነው።

ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ ስድስት ነው፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ቤቷ ሐይቁ ዳር ነው።

አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነው። ጠዋት ትርንጎ ሳትነቃ በጀልባው ይሄዳል። መቅዘፊያው ውኃውን ሲመታ «ቿ! ቿ! ቿ!» ይላል።

ያጠመደውን ዓሣ ሁሉ ገበያ ወስዶ ይሸጣል። ማታ ቤቱ ገብቶ የሚበላው ግን ሽሮ ነው። ትናንት ሽሮ፤ ከትናንት ወዲያም ሽሮ!

አንድ ቀን ግን አባቷ በቀትር ብቅ አለ። በእጁ ቆሮሶ የሚባል ወፍራም ዓሣ አንጠልጥሏል።

«ይኼን አልሸጠውም» አለ። «ዛሬስ እኔም ዓሣ አምሮኛል! ለእራት ትጠብሱልኛላችሁ?»

«እኔ! እኔ እጠብስልሃለሁ!» አለች ትርንጎ እየዘለለች።

አባቷ ሳቀ። ግንባሯን ሳማትና መረቡን ሊጠግን ወደ ሐይቁ ተመለሰ።

ዓሣው ጎድጓዳ ሳህን ላይ ተጋደመ። ቅርፊቱ ያብለጨልጫል፤ አፉን ከፍቶ ትርንጎን ያያታል።

ድመቷ መጣች። «ሚያው!»

«ሂጂ!» አለቻት ትርንጎ። «ይህ ዓሣ የአባዬ ነው!»

ዝንብ መጣች። «ዝዝዝዝ!»

«እሽ!» አለቻት ትርንጎ። «ይህ ዓሣ የአባዬ ነው!»

እናቷ እጅጌዋን ሰበሰበች። «መጀመሪያ ቆዳውን እንገፍፋለን፤ ሆዱን እናጸዳለን። ከዚያ በሎሚ እናጥበዋለን። ሎሚ የዓሣን ሽታ ያጠፋል» አለች።

ገና ቢላዋውን ስታነሳ፣ ከጓዳ «እኝኝኝ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሕፃኑ ወንድሟ ማንያዘዋል ነቅቷል። ማንያዘዋል ከነቃ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል።

«ትርንጎዬ፣ እስክመለስ ዓሣውን ጠብቂልኝ። ቢላዋውን እንዳትነኪ!» ብላ እናቷ ሮጠች።

ትርንጎ ቢላዋውን አልነካችም። ይኼንንስ አንዋሽባትም።

ጠበቀች። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ መጠበቅ ሰለቻት።

«እማዬ ምን ነበር ያለችው? በሎሚ እናጥበዋለን!» ዞር ዞር ብላ አየች። ሎሚ የት አለ?

መደርደሪያው ላይ አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ ቆሟል። ጠርሙሱ ላይ ቢጫ ሎሚ ተስሏል፤ ከሥዕሉ ሥርም ጽሑፍ አለ።

ትርንጎ ዘንድሮ ፊደል ቆጥራለች። ጣቷን አስደግፋ አነበበች። «ሎ… ሚ… ሎሚ! ሎሚ ይላል!»

ከሎሚ ቀጥሎ ሌሎች ቃላትም ነበሩ። እነሱን ማን ያንብብ? «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይባላል፤ ትርንጎም ቸኩላለች።

ጠርሙሱን ገለበጠችው። «ጢቅ! ጢቅ! ጢቅ!» ውኃ ጨመረችበትና ዓሣውን አሸችው። «እሽት! እሽት! እሽት!»

አረፋ መጣ። ብዙ አረፋ መጣ። ሳህኑን ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

አንዱ አረፋማ ተንሳፍፎ ሄዶ የድመቷ አፍንጫ ላይ አረፈ። «ጧ!»

ትርንጎ ቆም አለች። ሎሚ እንዲህ አረፋ ያወጣል እንዴ?

እናቷ ማንያዘዋልን አዝላ ተመለሰች። በሩ ላይ ድርቅ ብላ ቀረች። «ውይ በሞትኩት! ትርንጎ፣ ምን አደረግሽ?»

«በሎሚ አጠብኩት» አለች ትርንጎ በቀጭን ድምፅ። «ሎሚ ይላል። እኔ ራሴ አነበብኩት።»

እናቷ ጠርሙሱን አነሳች። እሷም ጣቷን አስደግፋ እስከ መጨረሻው አነበበችላት። «ሎሚ… ሎሚ… የሚሸት… የዕቃ… ማጠቢያ… ሳሙና።»

ሳሙና! እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ይህ ዓሣ… የአባዬ… ነው!» አለች እየተንሰቀሰቀች። ሌላ ዓሣ የለም፤ ያለው አንድ ብቻ ነው። አባዬ ደግሞ ዓሣ አምሮታል።

እናቷ አልተቆጣችም። ትንሽ ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ግን ተወችው። አጎንብሳ ዓሣውን አገላብጣ አየችው።

«ስሚኝ፣ ትርንጎዬ። ቀሚስሽ ላይ ሳሙና ቢፈስ፣ ሳሙናው ሆድሽ ውስጥ ይገባል?»

«አይገባም» አለች ትርንጎ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ዓሣውም ገና ልብሱን አላወለቀም። ቅርፊቱም ቆዳውም እንዳለ ነው። ነይ፣ እናጽዳው!»

ውኃ ደፉበት። «ሿ!» ደገሙት። «ሿ!» ትርንጎ በትንሿ ጣሳ ውኃ አመላለሰች። «ሿ! ሿ! ሿ!» አረፋው ጠፋ።

ከዚያ እናቷ ቢላዋውን ይዛ ቆዳውን ቀስ አድርጋ ገፈፈችው። «ጭርርር…» ከሥሩ ነጭ፣ ንጹሕ ሥጋ ብቅ አለ።

ሆዱን አጸዳች። ሥጋውን ከአጥንቱ ለየች፤ ቆራረጠችውና እንደገና በውኃ አጠበችው።

«በይ አሁን አሽቺው» አለች።

ትርንጎ አፍንጫዋን አስጠጋች። አንዴ አሸተተች። ሁለቴ አሸተተች። «እማዬ! ሳሙና ሳሙና አይልም! ዓሣ ዓሣ ይላል!»

እናቷ ከዘንቢሉ ክብ ሎሚ አወጣች። «ሎሚ ማለት ይኼ ነው። ስምሽ ትርንጎ ሆኖ ሎሚን አታውቂም? ትርንጎ እኮ ፍሬ ናት፤ የሎሚ ታላቅ እህት!»

ትርንጎ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

ሎሚውን ጨመቁት። «ጭምቅ! ጭምቅ!» ጨው ነሰነሱ፤ ቁንዶ በርበሬም ትንሽ ጨመሩ።

ዓሣውን ዱቄት ያለበሰችው ትርንጎ ናት። ዓሣውም ዱቄት ለበሰ፤ የትርንጎም አፍንጫ ዱቄት ለበሰ።

መጥበሻው ላይ ዘይቱ ጋለ። «አንቺ በሩ ጋ ቁሚ። የጋለ ዘይት ቀልድ አያውቅም» አለች እናቷ።

ዓሣው መጥበሻው ውስጥ ገባ። «ቸስስስስ!»

ተገለበጠ። «ቸስስስስ!»

ሽታው ቤቱን ሞላው። የትርንጎ ሆድ «ጉር… ጉር…» አለ። ትርንጎ ሆዷን በእጇ ይዛ፣ «ይህ ዓሣ የአባዬ ነው!» አለችው።

ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ አባቷ መጣ። እጁን ታጠበና ተቀመጠ።

ትርንጎ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ቀረበች። ቡናማ ሆኖ የተጠበሰ ዓሣ፣ አንድ ቃሪያ፣ ትኩስ ዳቦ።

አባቷ ጎረሰ። አኘከ። ዝም አለ።

ትርንጎ ጠጋ ብላ አየችው። «አባዬ… ሳሙና ሳሙና ይላል?»

«ሳሙና?» አለ አባቷ። እናቷን ሳቅ አመለጣት።

ትርንጎ ሁሉንም ነገረችው፤ ጠርሙሱን፣ አረፋውን፣ ልብሱን ያላወለቀውን ዓሣ። አባቷ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«እኔ እኮ ዝም ያልኩት ጣፍጦኝ ነው» አላት። «ለካ ለሰው የምሸጠው እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር ነው!»

ከዚያ ትልቁን ቁራጭ አነሳ። አጥንት እንደሌለው በጣቱ ዳሰሰና ወደ ትርንጎ አፍ አመጣው።

ትርንጎ አፏን በእጇ ከደነች። በጣም አምሯታል፤ ግን ራሷን ነቀነቀች። «እምቢ! ይህ ዓሣ የአባዬ ነው!»

«የእኔ ነው?»

«አዎ፣ ያንተ ነው።»

«የእኔ ከሆነማ፣ የምወዳትን ልጅ አጎርስበታለሁ! በይ ክፈቺ!»

ትርንጎ አሰበች። ነገሩ እውነት ነው። አፏን ከፈተች፤ ጉርሻው ገባ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ አባቷ ደገማት።

እሷም ሁለት ጊዜ አጎረሰችው። እናቷንም አጎረሰቻት። ማንያዘዋል ጥርስ የለውምና የእናቱን ጣት ላሰ።

ሳህኑ ባዶ ሆነ። ትርንጎ አባቷ ጭን ላይ ወጣች፤ ዓይኖቿ ከበዱ።

«አባዬ፣ ጠገብክ?» አለች ዓይኗን ሳትከፍት።

«ጠገብኩ፣ ልጄ» አለ አባቷ። አቅፎ ወሰዳትና አልጋዋ ላይ አስተኛት።