ጣት ብቻ የሚያውቀው ስለት

«ማነው ሽቦውን በዚህ ቱቦ ውስጥ ያሳለፈው?» አለ አባቷ። አልጮኸም፤ እሱ ሲናደድ ድምፁ ይወርዳል።

ከሞተር ሳይክሉ የተፈታው መሪ የጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። አባቷ ራሱ በትእዛዝ ያጎበጠው ቱቦ ነው። ሽቦው በሙሉ በሆዱ ውስጥ ስለሚያልፍ ከውጭ ምንም አይታይም፤ ሲያዩት ያምራል። አሁን ግን ከቀኙ ቀዳዳ የተጎተተው ሽቦ ፕላስቲኩ ተልጧል፣ መዳቡም ጠቁሯል። የሞተሩ ባለቤት ፖስተኛው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ግራ እጁ በጄሶ ታስሯል። ትናንት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ኩርባው ላይ መሪውን ቢያዞር መብራቱ ድርግም አለበትና ቦይ ውስጥ ገባ።

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሟ ወለል ወለሉን እያየ።

ሌላ ምን ይበል? ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ ቆሞ፣ ለዚሁ ሰውዬ፣ አፉን ሞልቶ «ሽቦውን የማሳልፈው እኔ ነኝ፤ እህቴ ቀጮ ዕቃ ታቀብለኛለች» ብሎት ነበር። ፖስተኛውም ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጎ «ኢንጂነር!» አለው። ኢንጂነር ተብዬው የሠራው ቢኖር ቀዳዳዎቹን መሰርሰር ብቻ ነው። ሽቦዎቹን በፍሬን ካቦ ጫፍ ላይ ያሰረችው፣ በሳሙና ያሙለጨለጨችው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳብ ለቀቅ እያደረገች ያወጣቻቸው እሷ ነበረች።

ያን ቀን ሽቦውን ከማስገባቷ በፊት ትንሿን ጣቷን ወደ ቀኙ ቀዳዳ ስትከት ጫራት። ጠርዙ በሞረድ አልተስተካከለም። «ይሄ ስለት አለው» ልትል አፏን ስትከፍት ነው ያን ጉራ የሰማችው። አንጀቷ አረረ። የት አባቱ፣ የሱ ሥራ ከሆነ ልኩን ይየው አለችና አፏን ዘጋች። ሽቦውንም በስለቱ ላይ አሳለፈችው።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ እንዳትነካ» አለው አባቷ። «ሰው ልትገድል ነበር እኮ።»

ወንድሟ የያዘውን ፒንሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲዋረድ ለማየት ስትመኝ ነበር፤ አሁን ሲዋረድ ስታየው ግን ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

«አባዬ፣ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።»

«ወንድምሽን አትሸፍኚ። ሂጂ፣ ጥናትሽን አጥኚ።»

ይሄ ደግሞ ባሰ። ጥፋቱን እንኳ የሷ ነው ብሎ የሚያምናት ጠፋ። «እኔ ነኝ እኮ እልሃለሁ! ስለቱ ከሥር በኩል ነው፣ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በዓይን አይታይም፤ ጣት ሲገባ ነው የሚታወቀው።»

አባቷ ቱቦውን ወደ ብርሃን አዙሮ አየ። ምንም የለም። ትንሿን ጣቱን ሞከረ፤ ጥፍሩ ላይ ቀረች። «አምጣ እስኪ ጣትህን» አለው ልጁን። የሱም አልገባም። ከዚያ ዞሮ የሷን እጅ አየ።

ጣቷን ከተተች፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ስታወጣው ደምቷል። በዩኒፎርሟ ጠረገችው።

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት፤ አመሰግናለሁ የሚል አስተያየት አልነበረም። ውሸቱ በሰው ፊት ተገልጦበታል፤ እሱም እንደ ውለታ አልቆጠረላትም።

«አንቺ ልጅ» አለ ፖስተኛው። «ስለቱን መቼ ነው ያወቅሽው?»

ዛሬ ጠዋት መሪው ሲፈታ ነካሁት ብትል ማን ያውቅባታል? አባቷ ዓይን ዓይኗን እያየ ነው፤ እንዲያ በይ፣ እንዲያ በይ የሚላት መሰላት። የፖስተኛው እጅ ጭኑ ላይ ተቀምጧል። ከጄሶው የወጡት ጣቶቹ አብጠዋል፣ ጥፍሮቹም ጠቁረዋል። በነዚያ ጣቶች ነገ ደብዳቤ መያዝ አይችልም፤ ከነገ ወዲያም አይችልም።

«ሽቦውን ከማስገባቴ በፊት ነው ጋሼ» አለች። «አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»