ሦስት ቀን መስታወቱን አታውርጂ

መስታወቱን ለምን አላወረድኩትም?

የኬላው ጠባቂ ጠይቆኛል። አባቴ ጠይቆኛል። ስቲከሩን የለጠፈልኝ ኦሊያድም እየጮኸ ጠይቆኛል። መልሱን ያገኘሁት የሚመስለኝ ጊዜ አለ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ሰበብ ብቻ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ፋርማሲ የተማርኩት ቱርክ፣ ኮንያ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ አሶሳ ስመለስ ግማሹን ልብሴን ከሻንጣ አላወጣሁትም፤ እንደምቆይ እርግጠኛ አልነበርኩም። ባምባሲ አንድ መድኃኒት ቤት ሥራ አገኘሁ። በየቀኑ ደርሶ መልስ ነው። አባቴ አሮጌ ቪትዝ መኪናውን ሊሰጠኝ ተስማማ፤ ቁልፉን ግን ከመዳፉ አልለቀቀውም።

«መጀመሪያ መስታወቱን ስቲከር አስለጥፊው» አለኝ። «ጥቁሩን። ውስጥ ማን እንዳለ ማንም እንዳያውቅ።»

አጎቴን ወንደሰንን እያሰበ እንደሆነ ገባኝ። ከገነተ ማርያም ወደ አሶሳ ሲመጣ የተሳፈረበትን ሚኒባስ ያስቆሙት ሰዎች፣ በመስኮት እያዩ ነበር የሚያስወርዱትን የመረጡት። እኔ ያኔ ኮንያ ነበርኩ፤ መርዶውን በስልክ ሰማሁ። አባቴ ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ መስኮት ዳር አይቀመጥም።

የኦሊያድ ሱቅ አሶሳ ዋናው መንገድ ዳር ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ባምባሲ ያደገ የኦሮሞ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ እጁ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና የሚል። ከጎኑ ሻይ የምትሸጠው ኢቲዳል የበርታ ሴት ናት፤ አማርኛን እንደፈለገች ታደርገዋለች።

«ኦሊያድ! ደንበኛ መጣ! ወላሂ ቆንጆ ነው፤ ፊትህን ታጠብ!»

«ታጥቤያለሁ ኢቲዳል።»

«ድጋሚ ታጠብ!»

ከተመለስኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ የሳቅኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አነሳልኝ። «ይሄ ሃምሳ ነው፤ ግማሹን ብርሃን ያሳልፋል። ፊትሽ ይታያል፤ ፀሐዩ ግን አያቃጥልሽም። ይሄ ሠላሳ አምስት። ይሄ ደግሞ…» የመጨረሻዋን በፊቴና በፊቱ መካከል ያዛት። ፊቱ ጥላ ሆነ። «አምስት።»

«አምስቱን» አልኩ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ለኋላው ይሁን። የፊት በሮቹን ግን ሃምሳ እናድርጋቸው። ኬላ ላይ የቆመ ሰው የሹፌሩን ፊት ማየት ይፈልጋል። እሱም እኮ ይፈራል።»

«እኔስ?»

«አንቺ ማንን ነው የምትፈሪው?»

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። የማላውቃቸውን ሰዎች ነው የምፈራው። ማን እንደሆኑ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ የማላውቃቸውን። ምናልባትም ከእሱ ወገን የሆኑትን። አፌን ዘጋሁ። ያ ዝምታዬ ገብቶት ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

«አባቴ ነው እንደዚያ ያለው» አልኩ።

«አባት ካለ ምን ይባላል» አለና ሥራውን ጀመረ።

መስታወቱን በሳሙና ውሃ አጠበ፤ በምላጭ ፋቀው። ስቲከሩን በውጭ በኩል አልብሶ ለካ፤ ትኩስ አየር በሚተፋ መሣሪያ እያሞቀ የመስታወቱን ጉብታ አስያዘው። ከዚያ በውስጥ በኩል ሲለጥፍ የላይኛውን ጥግ እንድይዝለት ጠየቀኝ። ውሃው በክርኔ ወረደ። እጁ በእጄ ሥር እያለፈ በጎማ መጥረጊያው ውሃውን ወደ ታች ገፋ።

ሲጨርስ በሮቹን ዘግቶ ከውጭ ያይ ጀመር። እኔ ውስጥ ነበርኩ። ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠጋ፤ የሚያየው ግን ራሱን ብቻ ነበር። ቅንድቡ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። ዓይኖቹ ከሩቅ እንደሚመስሉት ጥቁር አይደሉም። በሕይወቴ ሰውን እንደዚያ ሳልሸሽ አይቼ አላውቅም።

«እያየሽኝ ነው?» አለ ከውጭ።

በሩን ስከፍት አንገቱን ነቀነቀ። «አንቺ ታዪኛለሽ፣ እኔ አላይሽም። ይሄ ፍትሕ ነው?»

«ማን ሆነና የለጠፈው?»

ኢቲዳል ከወዲያ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ኮስተር አለ። «ሦስት ቀን መስታወቱን አታውርጂ። ውሃው አልደረቀም፤ ካወረድሽው ይጨማደዳል። ሥራዬ ሲበላሽ ደግሞ እኔ ያመኛል። ቃል?»

«ቃል» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ኬላው ላይ ስደርስ ገመዱ ተወጥሮ ነበር። አንድ ወጣት ጠባቂ ከጎን ቀረበኝ፤ ጥቁሩን መስታወት ሲያይ ግን ወደ ኋላ አለ።

«መስታወት አውርድ!»

ጣቴን ማውረጃው ላይ አደረግኩ። አልተጫንኩትም።

«አውርድ ነው የምልህ! ስንት ናችሁ?»

ጥርት ብሎ ይታየኛል። በዕድሜ ያንሰኛል፤ ከንፈሩ ደርቋል። መሣሪያውን ከትከሻው ሲያወርድ አየሁ፤ ሲያቀባብል አየሁ። እሱ ግን ምንም አያይም። በመጨረሻ ያደረግኩት ከሁሉም የከፋውን ነው፤ በሩን በድንገት በረገድኩት።

«እንዳትተኩስ! ሴት ናት! እንዳትተኩስ!» የሚል ሌላ ድምፅ ሰማሁ።

ራሴን ያገኘሁት አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ ነው። በዕድሜ የገፋ ጠባቂ አጠገቤ ተንበርክኳል። ወጣቱ አፈሙዙን ወደ መሬት ደፍቶ ቆሟል።

«ልጄ፣ ለምን አላወረድሽም?»

«ሦስት ቀን… አልደረቀም» አልኩ።

ሁለቱ ተያዩ። «ምኑ?»

ሳስረዳው ስቲከሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «ዛሬውኑ አስነሺው» አለ በመጨረሻ። «ይህ ልጅ ዕድሜ ልኩን ሊያለቅስብሽ ነበር።»

ኦሊያድ ነገሩን ሲሰማ ጮኸብኝ። «ሦስት ቀን ያልኩሽ እኮ ለስቲከሩ ነው! ይጨማደድ! መቶ ጊዜ ይጨማደድ፣ መቶ ጊዜ እለጥፈዋለሁ! አንቺን ግን…» አልጨረሰውም። ፊቱን አዙሮ ስቲከሩን ይልጠው ጀመር። ኢቲዳል ሻይ አመጣችልኝ፤ ስኳር አብዝታበታለች። ያን ቀን አልቀለደችም።

ከዚያ ወዲህ መሪ መያዝ አቃተኝ። የባምባሲውን ሥራ ትቼ እዚሁ አሶሳ ተቀጠርኩ፤ ቪትዙ ግቢ ውስጥ አቧራ ለበሰ። ከሥራ ስወጣ ግን እግሬ በራሱ ወደ ኢቲዳል በርጩማ ይወስደኝ ነበር። ኦሊያድ የቱርክ ቃል አስተምሪኝ ይለኛል። አንድ የዕረፍት ቀን ጠዋት ኢቲዳልን «ጉናይዲን!» አላት፤ እንደምን አደርሽ ማለቱ ነው።

«ማነው ጉናይዲን? ለእኔ ነው የምትሳደበው?» ብላ ፎጣ ወረወረችበት።

በእንዲህ ያለ ቀን ሻንጣዬን ባዶ ላደርገው አስባለሁ። ማታ ደግሞ አባቴ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ግን የማን ወገን ነው?» ይለኛል። በእሱ ድምፅ ውስጥ የራሴን ዝምታ እሰማለሁ። ልቤ መልሶ ኮንያን ይመኛል።

ከሁለት ወር በኋላ ኦሊያድ ስቲከር እየቆረጠ፣ ቀና ሳይል፣ «እሁድ ባምባሲ እንሂድ» አለኝ። «እናቴ ልታይሽ ትፈልጋለች። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ግን እሺታውን ከአንቺ አፍ ልስማው።»

«እሁድ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ቅዳሜ መንገዱ ላይ ተኩስ ተሰማ ተባለ። እሁድ መናኸሪያ ደረስኩ፤ ሚኒባሱ በር አጠገብም ደረስኩ። እግሬን ግን ማንሳት አልቻልኩም። መስኮቶቹን አየሁ፤ አጎቴን አየሁ።

«ሳምንት ይሁንልኝ» አልኩት ኦሊያድን።

ፊቴን አየ። «እሺ። ለእናቴስ ምን ልበላት?»

ከአፌ የምትወጣ አንዲት ቃል ነበረች። ረዳቱ «ሞልቷል፣ ግቡ!» ይላል። ኦሊያድ ጠበቀኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«አይዞሽ እስከዳር» አለኝ። አልተቆጣም። ገብቶ መስኮት ዳር ተቀመጠ፤ ሚኒባሱ እስኪታጠፍ ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም።

ሰኞ መንገዱ ተዘጋ። ስልክም ተቋረጠ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ኢቲዳልና እኔ የተቆለፈውን ሱቅ እያየን ተቀመጥን። «ኢንሻአላህ እናቱ ጋ ነው፤ ገንፎ እየበላ ነው» ትለኛለች። አምናት ነበር።

በአሥረኛው ቀን መስመሩ ተከፈተ። በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ፤ ድምፁ የሴት ነበር።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ… ቃናኒ ነኝ፤ የኦሊያድ እናት። ኦሊያድ እዚያ ደርሷል? ስልኩ እምቢ አለኝ።»

«እዚህ? እርስዎ ዘንድ አይደለም እንዴ?»

ቀስ ብለው፣ በተሰባበረ አማርኛ ቃል እየፈለጉ፣ «ሰኞ ጠዋት ወጣ» አሉኝ። «እስከዳር ብቻውን ናት፣ ትፈራለች አለ። ዋል አልኩት፣ እምቢ አለ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«አንተ ደግሞ እሺ ብለሃል፤ ነግሮኛል» አሉ፤ እኔን ማለታቸው ነው። «እሺ ብላለች እማ፣ ያስቀራት መንገዱ ነው አለኝ። እኔ እልል አልኩ። ጎረቤት ሁሉ እልል አለ።»

አባቴ ራሱ ቪትዙን አስነስቶ ከኬላ ኬላ ጠየቀ። ሰኞ ከባምባሲ የተነሳውን ሚኒባስ ያየ አለ፤ ወዴት እንደታጠፈ የሚያውቅ የለም።

ያን ዕለት ስልኬን አንስቼ ለኦሊያድ ጻፍኩ፦

«ለእናትህ የነገርካት እውነት ነው። እሺ ብያለሁ።»

ላክሁት። ይኸው አራት ወር ሆነው፤ አልተነበበም።