ማንደጃው አጠገብ የቆመችው አሮጊት

የአብስራ ጋሻዬ ፍራሿ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ሞታ ስትገኝ፣ ከራስጌዋ አመድ የሞላ የከሰል ማንደጃ ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተከልሏል። የጤና ጣቢያው ሰው ገና ከደጃፉ ሳያልፍ «የከሰል ጭስ ነው» አለ። የቀበሌው ሰው ደግሞ ማንደጃው የማን እንደሆነ ጠየቀ። የአከራይዋ የወይዘሮ ውባንቺ ነበር። በቃ፣ ምርመራው አለቀ! ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ ባድመ ዘምቶ ያልተመለሰላት ሴትዮ «በቸልተኝነት ሰው በመግደል» ተብላ ጣቢያ ገባች። የአንድ ለአምስት ሰብሳቢዋ እንኳ አንድ ቃል አልተነፈሰላትም።

ጊዜው 2006 ዓ.ም.፣ ጥር ነበር። ኢንስፔክተር አስቻለች ከወልዲያ ላሊበላ የተላከችው መዝገቡ ላይ እንድትፈርም ብቻ ነው። እሷ ግን ያላየችውን አትፈርምም፤ በዚህም የተነሳ ባልደረቦቿ ግትር ይሏታል። ሬሳው ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት ደርሳ የልጅቷን የታችኛውን ከንፈር በጣቷ ገለበጠችው። ውስጡ በጥርስ ተቆርጦ ደም አርግቷል።

«ጭስ ነው ይህን ያደረገው?» አለችው የጤና ጣቢያውን ሰው።



የአብስራ የኮን ከተማ ልጅ ነች። አዲስ አበባ ላይ ለማስተርስ አኒሜሽን ትማር ነበር፤ የመመረቂያ ሥራዋን ለመሥራት ነው ላሊበላ ቤት የተከራየችው። ከፍራሿ ራስጌ ባለው ዝቅተኛ መደብ ላይ ድንጋያማ መንገድ ሠርታለች። መንገዱ ላይ ስንዝር የምታክል፣ በዱላ የምትደገፍ አሮጊት አሻንጉሊት ቆማለች። ሥራው አሻንጉሊቷን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሱ እያንዳንዷን ንቅናቄ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ፎቶዎቹ ሲደረደሩ አሮጊቷ ትራመዳለች። አስቻለች ካሜራውን ከፍታ የመጨረሻውን ፎቶ አየች። ያው ጎባጣ ጀርባ፣ ያው የተነሳ እግር። አሻንጉሊቷን ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካትም ማለት ነው። ማንደጃው ከእሷ አንድ ክንድ አይርቅም። ኢንስፔክተሯ አሻንጉሊቷን በጥፍሯ ጫር አድርጋ ጥፍሯን አሸተተች። ከዚያም ወጣች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጣቢያ የታሰረችውን ወይዘሮ ውባንቺን ነው።

«ማንደጃዎን ማን አስገባው?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ራት አብስዬበት በረንዳ ላይ ተውኩት። ቅዱስ ላሊበላ ምስክሬ ነው!»

«የአብስራ ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?»

«ማታ ማታ ሰብስባን የቀኑን ሥራዋን ታሳየን ነበር፤ እኔን፣ ወንድሜን አባን፣ ጎረቤታችንን ደሳለን። ‹የቱ እርምጃ ነው ውሸት የሚመስለው? ለምን?› ትለናለች። አስተማሪዋ ነው አሉ ያዘዛት፣ የሠራሽውን መለስ ብለሽ መርምሪ ብሎ። እኔም ‹አሮጊት ዳገት ላይ እንዲህ ቀጥ አትልም› አልኳት። አፍርሳ እንደገና ሠራችው» አለችና አለቀሰች። «አሮጊቷ እኮ እኔ ነኝ። ለልጄ የተሳልኩትን ስለት ይዤ ይምርሐነ ክርስቶስ በእግሬ ስሄድ ነው።»

ወንድሟ አባ ገብረ ሊባኖስ እዚያው ግቢ ይኖራሉ። ሰፈሩ «አሻንጉሊቱን ጣዖት ነው ብለው ጠልተውት ነበር» ስለሚል አስቻለች በትህትና ጠየቀቻቸው።

«መጀመሪያ ተቆጥቻለሁ፤ አልዋሽም» አሉ። «ኋላ ስታስረዳኝ ገባኝ፤ ተቤተ ክርስቲያን የጧፍ ርጋፊ ሳይቀር አቀብያታለሁ። ይልቅ ተዚያ ተአዲስ አበባ ተመጣው ተማሪ ጋር ተጣልታለች። ‹በስምህ ያስገባኸውን ሥራዬን ካልመለስክ ለመምህራችን እነግራለሁ› ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

መስቀል እየቀረጸ ለቱሪስት የሚሸጠው ደሳለም ተጠርጣሪ ነበር፤ የአብስራን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ እምቢ ተብሏል። ቃሉ አጭር ነው።

«እምቢ አለችኝ፤ እኔም ተውኩት። የአሮጊቷን የውስጥ አጥንት ግን ከወይራ ቀረጽኩላት። እንዴት እንደምትሄድ ማየት ፈልጌ ነበር።»

በመጨረሻ ምስጋና የሚባለውን ወጣት አነጋገረች፤ የአብስራ የክፍል ጓደኛ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ከትናንት ወዲያ ሲሆን፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ይዟል። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀመጠ።

«ማንደጃ ታስገባ ነበር?»

«ሁልጊዜ! ጭቃው ቶሎ እንዲደርቅላት ነዋ። አዲስ አበባም እንዲሁ ነበረች፤ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ።»

«ማታ ሥራዋን ስታሳያቸው አብረህ አየህ?»

«ምን ያደርግልኛል? የጋራችን ሥራ ነው። አሻንጉሊቶቹንም አብረን ነው የሠራናቸው። ካሜራውን ቢሰጡኝ ለመታሰቢያዋ እጨርሰው ነበር።»

«እናያለን» አለች አስቻለች።

በማግስቱ ሁሉንም የአብስራ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ውባንቺ በፖሊስ ታጅባ መጣች። የሟቿ አባት አቶ ጋሻዬም ከኮን ደርሰው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አለማልቀሳቸው ከልቅሶ ይልቅ ያስፈራ ነበር።

«ብርድ ነው» አለች አስቻለች፤ ፍም የሞላ ማንደጃ አስመጥታ መደቡ ሥር፣ ያው ቦታው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ስለ መንገዱ፣ ስለ እህሉ፣ ስለማይረባ ነገር ማውራት ጀመረች። አባ ግራ ገብቷቸው አዩዋት። ክፍሉ ሞቀ፤ ደሳለ ጋቢውን አወረደ። የአሮጊቷ ዱላ ቀስ ብሎ ጎበጠ።

«ኧረ እሳቱን!» ብላ ውባንቺ ጮኸች። አባም ተነሡ። ደሳለ ሁለቱንም ቀድሞ አሻንጉሊቷን ከመደቡ ላይ አነሳት።

ምስጋና ግን አልተነሳም። ምን እንደተፈጠረ አልገባውም ነበር።

«ሦስቱ ለምን እንደተነሱ ታውቃለህ?» አለችው አስቻለች።

ምስጋና ደሳለ እጅ ላይ ያለችውን አሻንጉሊት አየ።

«አሮጊቷ ከሰም የተሠራች ናት፤ ከጧፍ ርጋፊ። በቀለም ስለተቀባች ላላወቀ ሰው ጭቃ ትመስላለች። የአብስራ እዚህ ክፍል ውስጥ እሳት አታስገባም፤ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ነው የምትሠራው። ይህን ደግሞ የዚህ ግቢ ሰው ሁሉ ያውቃል።» ወደ ሌሎቹ ዞረች። «አሮጊቷ በመጨረሻው ፎቶ ላይ እንዳለች ቀጥ ብላ ነው ያገኘኋት። ሰው የሚገድል እሳት እዚህ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ አሁን እንዳያችሁት ትቀልጥ ነበር። ስለዚህ ማንደጃው ሲገባ ከሰሉ ጠፍቶ ነበር። ልጅቷ በጭስ አልሞተችም። አፏ ታፍኖ ነው፤ ከንፈሯ በገዛ ጥርሷ ተቆርጧል። ማንደጃው እኛን ለማሳሳት ሲባል የመጣ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?» አለ ምስጋና።

«እነዚህ ሦስቱ ሰው ገድለው ለመደበቅ ቢያስቡ፣ ከሁሉ በፊት የሚተዉት እሳትን ነበር። ለጭቃ ማድረቂያ ከሰል ታነድ ነበር ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ። ሥራዋን በስምህ አስገብተሃል፤ እናገራለሁ ብላሃለች። ደሳለ እንኳ ሞቆት ጋቢውን ሲያወርድ ጃኬትህ እስካሁን እንደተቆለፈ ነው። እጅጌህን ሰብስብ።»

አልሰበሰበም። ፖሊሱ ሰበሰበው። ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ ድረስ ጥፍር ቧጥጦታል።

«ጭቃውን በሰም ለወጠችው እንጂ ሐሳቡ የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ስሜን ልታጠፋው ነበር! አንድ ፊልም ምን ይጎዳታል?»

«አብረን ሠራነው ያልከው ሥራ» አለች አስቻለች፣ «ከምን እንደተሠራ እንኳ አታውቅም።»

ይዘውት ሲወጡ አቶ ጋሻዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አስቻለች የውባንቺን ካቴና ራሷ ፈታችው፤ «ነፃ ነዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለቻት።

ውባንቺ የሰማችም አይመስልም። ደሳለ እጅ ላይ ያለችውን አሮጊት ታያለች።

«ልጅቷ ነበረች የምታራምደኝ» አለች። «ይምርሐነ ለመድረስ ትንሽ ነው የቀረሽ ብላኝ ነበር። እንግዲህ ማን ያደርሰኛል?»

አባ እህታቸውን ደግፈው ወደ ውጭ ይዘዋት ወጡ።